ጎን ለጎን የተከፈቱ የሽኝት ወረቀቶች

ዎርድ ላይ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ ትእዛዝ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። የሚያውቁትም ብዙ አይጠቀሙበትም። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ሥራ አልነበረም። አንዱ ሰነድ በግራ ይቆማል፣ ሌላው በቀኝ። የማውዙን ጎማ ሲያሽከረክሩ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ሲደርሱ ግን መስመራቸው ይዛነፋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፊርማው ድረስ አይገናኙም።

የእኔ ሰነዶች የሚዛነፉት አራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። እዚያ ቦታ በግራው ሰነድ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በቀኙ የለም። ያ ዓረፍተ ነገር በዕድሜዬ ለአንዲት ሴት ስለ ልቤ የነገርኳት ብቸኛ ነገር ነው። ነገርኳት ማለቱም ይከብዳል። ጻፍኩት፣ ለአለቃ አቅርቤ አስፈረምኩት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ በፍሬም አስገብቼ አዘጋጀሁላት። አንብባው እንደሆነና እንዳልሆነ ሳላውቅ ነው ዘጠኙን ዓመት የቆየሁት።

ሥራዬ ጸሐፊነት ነው። የመደቤ ስም ከዚህ ይረዝማል፣ ግን ከአለቃው ጀምሮ ሁሉም «ጸሐፊው» ነው የሚለኝ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ወደ ጭሮ የመጣሁት ለስድስት ወር ተብዬ ነበር። የከተማው አዛውንቶች አሁንም አሰበ ተፈሪ ይሏታል፤ እኔም መጀመሪያ ለእናቴ የነገርኳት በዚያ ስም ነበር፣ በኋላ ጭሮ ማለት ጀመርኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምትናገረው ልጄ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ጭሮ ተዛወረልኝ እያለች ነው።

የምሠራው ስሙን በማልጠራው አንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። በወረዳዎቹ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች እናግዛለን። የከተማው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኦሮምኛ ይሠራሉ፤ የእኛ ዋና ቢሮ አዲስ አበባ ስለሆነና ሠራተኛውም ከየአገሩ የተሰባሰበ ስለሆነ ወረቀታችን በአማርኛ ነው። ግቢው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ጫት የጫኑ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ «አንዴ ጫቱ ይለፍ» ብሎ ይጠብቃል።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው አንድ ቀን እንደሚሄድ በቢሯችን የታወቀ ነው፤ የማይታወቀው መቼ እንደሚሄድ ብቻ ነው። ሲሄድ ሽኝት ይደረግለታል። ለስላሳ ይቀርባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በመዋጮ የተገዛ ሻንጣ ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ አስተባባሪው ተነሥቶ በፍሬም የገባ የምስጋና ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ የቢሯችንን አሠራር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ አዲስ ጽሑፍ አይጻፍም። የድሮው ይከፈታል፣ ስሙ ይቀየራል፣ በሌላ ስም ይቀመጣል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ቀድሞም አለቃ አይቶ የፈረመበት ስለሆነ አያስጠይቅም። አንድ ጊዜ ለሾፌራችን የተጻፈ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ «በሰላም ተገላግለው ይመለሱ» ይላል። ሾፌሩ አመስግኖ ወሰደው። ከፈቃዱ ሲመለስ ማንም ምንም አላለውም።

እሷ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከአሰላ የመጣች። ሥራዋ በየጤና ጣቢያው ያሉትን አዋላጆች ማሠልጠን ስለሆነ ሳምንቱን በመስክ ነው የምታሳልፈው፤ አንድ ሳምንት ቦኬ፣ አንድ ሳምንት ቦርደዴ፣ ሲላት ወደ አሰቦት ቆላ ትወርዳለች። ዓርብ ዓርብ አቧራዋን እንደለበሰች ትመጣና ሪፖርቷን በእጅ ጽፋ ትሰጠኛለች። ጽሑፏ አይነበብም። የሐኪም ጽሑፍ አይነበብም ሲባል የሰማ ሰው የእሷን አላየም። ስለዚህ ወንበር ስባ አጠገቤ ትቀመጥና እሷ ታነባለች፣ እኔ እመታለሁ። ከቦኬ ገበያ በፌስታል ያመጣችው ሙዝ በመካከላችን ይቀመጣል።

ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን መክፈትን ያሳየችኝ እሷ ናት። አንድ ዓርብ ያለፈውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ከፍቼ ቁጥሩን ብቻ እየቀየርኩ ስሠራ ደረሰችብኝ።

«ይሄ የድሮው ነው አይደል?» አለችኝ።

«የድሮው መሠረት ነው» አልኳት።

«እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋቸው።»

አልችልም ስላት ማውዙን ከእጄ ወሰደችና ራሷ አደረገችው። ሁለቱ ሪፖርቶች አብረው ሲንሸራተቱ አየን። ከቁጥሮቹ በቀር አንድ መስመር እንኳ አልተዛነፉም። «ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ፣ ከመጋዘኑ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ቀን በኋላ የእሷን ሪፖርት ከባዶ ገጽ ነው የምጀምረው። የሌላውን ሰው እንደ ድሮው ቀጠልኩ።

ወደድኳት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷማ ጭራሽ። እኔ ነገር በቃል የምናገር ሰው አይደለሁም። ሳምንት ሙሉ አስቤ የምናገረው ነገር ሲወጣ «ሙዙ ጥሩ ነው» ሆኖ ይወጣል።

ሁለት ዓመት እንደሠራች ወደ አዳማ ቢሮ ተዛወረች። ከፕሮጀክቱ የመጀመሪያዋ ተሰናባች እሷ ነበረች። የዚያን ጊዜው አስተባባሪ ጠራኝና «የሽኝት ጽሑፍ አዘጋጅ» አለኝ። የድሮውን ልክፈት ብዬ ፈለግኩ፤ የድሮ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ መጻፍ ግድ ሆነ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በአንደኛው አንቀጽ ሳቋን አስገባሁ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ሲሰማ ሥራ የሰለቸው ሰው ቀና እንደሚል። በሁለተኛው መኪናችን ቦኬ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ጫማዋን አውልቃ ከወንዶቹ ጋር እንደገፋች። በሦስተኛው በእጇ ስለተወለዱት ሕፃናት። አራተኛው ላይ ስደርስ የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ በማውቀው ቋንቋ ጻፍኩት። «ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሠራተኛ የእርስዎ መሄድ በግሉ የሚጎዳው መሆኑን በትሕትና ይገልጻል።»

አስተባባሪው ሳያነብ ፈረመ። እሱ የሚፈርመውን አያነብም፤ እኔም በዚህ ተማምኜ ነው። ዓርብ በሽኝቱ ላይ ግን ቆሞ ሲያነብ እዚያ ደረሰ። ቆመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እኔን አንዴ አየኝና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። ሰው አላወቀም። እሷ ፍሬሙን ተቀበለች፣ ሁሉንም ጨበጠች፣ እኔንም ጨበጠችኝ። ዘበኛችን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

የምትሄደው ሰኞ ጠዋት ነበር። መናኸሪያ ወርጄ ልሸኛት አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ አንብባው ከሆነና የምትለው ካላት ትለኛለች፣ ካልሆነ ፊቷ ቆሜ ምን ልሆን ነው ብዬ ቢሮ ገባሁ። ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ ጮኸ። ዋና ቢሮ ስለ ጎማ ጠየቀኝ። ዝርዝሩን ነገርኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ የላብራቶሪው ባለሙያ ተዛወረ። አስተባባሪው «የእሷን ክፈትና ስሙን ቀይር» አለኝ። አዲስ ብጽፍስ ብዬ ብጠይቀው «ያኛው ምን ጎድሎት?» አለ። ምን እንደጎደለው ማስረዳት አልቻልኩም። ከፈትኩት። ስሙን ቀየርኩ። ሕፃናቱን ናሙናዎች አደረግኳቸው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ያንን ዓረፍተ ነገር አወጣሁት፤ እውነት ስላልነበረ። ሰውየው ደግ ሰው ነበር፣ መሄዱ ግን አልጎዳኝም። ከዚያ ስህተት እንዳይኖር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ በዘጠኝ ዓመት አሥራ ሰባት ሰው ሸኘን። የአሥራ ሰባቱም ሳቅ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰምቷል። አሥራ ሰባቱም ቦኬ መንገድ ላይ ጫማቸውን አውልቀው መኪና ገፍተዋል፤ ሒሳብ ሠራተኛችን ከቢሮ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፣ እሱም ገፍቷል። ቅሬታ ያቀረበ የለም። የመጋዘን ኃላፊዋ ሲነበብላት አልቅሳ እኔን አቅፋ አመሰገነችኝ። ይህ ቢሮ ያላደረግኩትን ሳይቀር ያስታውስልኛል ያለም ነበር።

በቅርብ የተሠራውን ከፍቼ ስም መቀየር እችል ነበር፤ ይቀለኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ የምከፍተው የእሷን ነው። በግራ የእሷን አቆማለሁ፣ በቀኝ የተሰናባቹን፤ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲዛነፉ ቆም እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር አላደርግም ነበር። ሰው ሲገባ «ማመሳከር ላይ ነኝ» እላለሁ፤ እውነቴንም ነው።

ባለፈው ዓመት የዘበኛችን ጡረታ ደረሰ። አባ ነው የምንላቸው። የቦኬ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛቸው ፈጣን ነው፣ አማርኛቸው ደግሞ የምትፈልገውን ቃል ብቻ መርጣ የምትወጣ ናት። ፕሮጀክቱ ከተከፈተ ጀምሮ በሩ ላይ ነበሩ። ሲስቁ ያየ ሰው የለም። ሰላምታቸው ሙሉ ነው፤ የቤተሰብህን ጤና አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፣ በዚያው ፊት መታወቂያህን ይጠይቃሉ። እኔንም በየቀኑ ጠይቀውኛል።

ሽኝታቸው ለዓርብ ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት ከአዳማ የተቆጣጣሪ ጉብኝት እንዳለ ደብዳቤ መጣ፤ ደብዳቤውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፣ ስሟን ያየሁትም እኔ ነኝ። መልሱንም ጻፍኩ፤ ጉብኝቱን በደስታ የምንቀበል መሆኑን እንገልጻለን አልኩ። የምትመጣው ሐሙስ ስለነበረ ዓርብን አልፈራሁትም። አዲሱ አስተባባሪ ግን እንግዳዋ ባለችበት ይሁን ብሎ ሽኝቱን ወደ ሐሙስ አመጣው፤ ይህን የነገረኝ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ባዶ ገጽ ከፈትኩ። «ለ» ብዬ ጻፍኩና ስለ አባ ምን እንደማውቅ አሰብኩ። ብዙ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም አብሮ። ሐሙስ መብራቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ሽኝቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የእሷን ከፈትኩ፣ ስሙን ቀየርኩ።

ስትገባ ወፈር ብላ፣ መነጽር አድርጋ ነበር። አካሄዷ ያው ነው። አንቺ ልበላት እርስዎ እያልኩ ስወዛገብ እጄን ጨብጣ «አንተ እዚሁ ነህ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኩ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጧት።

አስተባባሪው ማንበብ ጀመረ። «ሳቅዎ ከኮሪደሩ ማዶ ሲሰማ…» ሲል ሰው ሁሉ ወደ አባ ዞረ። አባ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። እሷ ቀና አለች። ስለ ጭቃውና ስለ ጫማው ሲነበብ ዞራ እኔን ፈለገችኝ፤ አገኘችኝም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሕፃናቱን ጎብኚዎች አድርጌያቸው ነበር፤ «በእጅዎ አልፈው የገቡ ሁሉ» ይላል። የያዘችውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ጭብጨባው ሲያልቅ አባ ፍሬሙን እንዲቀበሉ ተጠሩ። ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ይሄ ወረቀት የኔ አይደለም። የዚች ልጅ ነው። ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እኔ መች ሳቅኩ? ጫማዬንም አላወለቅኩም፣ ዋላሂ። ቦኬ አገሬ ነው፤ ጭቃውን አውቀዋለሁ፣ በዳር በዳር ነው የምሄደው። እኔ ዘበኛ ነኝ። በመጨረሻው ቀን የሰው ዕቃ ይዤ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

ሰው ሳቀ። አስተባባሪው አልሳቀም፤ ፍሬሙን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ «ጸሐፊ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

ማለት የምችለው ብዙ ነገር ነበር። እኔ ያልኩት ግን «ፎርማት ነው» ነው።

እሷ ቃሉን ቀስ ብላ ደገመችው። «ፎርማት» አለች፣ ለራሷ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ግራ በኩል ያቆምኩትን ወረቀት በሰው ፊት በአንድ ቃል ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኩት። ከዚህ በኋላ ያንን ፍሬም ባየች ቁጥር የምታስበው የእኔን ልብ ሳይሆን የቢሯችንን አሠራር ነው። 

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ሳልናገር ቀደመችኝ።

«የኔስ ከማን ነበር የተገለበጠው?»

«ከማንም።»

«ተወው እንጂ። ሥራ ነው፤ እኔም አሁን አለቃ ነኝ፣ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ።»

«ነይ ላሳይሽ» አልኳት። እርስዎ ማለቱን በዚያው ረሳሁት።

ወደ ክፍሌ ገባን። አባ ተከትለውን መጡ፤ ወረቀታቸው ገና ስላልተሠራ የመምጣት መብት ነበራቸው። በሩ አጠገብ እንደልማዳቸው ቆሙ። ሁለቱን ሰነዶች ከፈትኩ፤ የእሷን በግራ፣ የአባን በቀኝ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ማውዙን ከእጄ ወሰደችው።

አንደኛው አንቀጽ አብሮ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው ላይ ተዛነፉ። ጣቷን ከጎማው አነሣች።

«እዚህ ምን ሆነ?»

«እዚህኛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ።»

«እዚያኛውስ?»

«የለም።»

«የሌሎቹን ክፈት።»

የላብራቶሪውን ባለሙያ ከፈትኩ። የሒሳብ ሠራተኛውን ከፈትኩ። የመጋዘን ኃላፊዋን ከፈትኩ። ሪፖርት በምትመረምርበት ጥንቃቄ ነው የምታየው፤ ሰነዱ የተፈጠረበትን ቀን ሳይቀር እያየች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ በቃኝ አለች።

«ከሁሉም ላይ አውጥተኸዋል።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስላልጎዳኝ።»

«ምኑ?»

«የእነሱ መሄድ።»

መነጽሯን አወለቀች። ውጪ አንድ የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁላችንም ጠበቅን።

«እሺ» አለች። «የኔ ነው እንግዲህ።»

«ያንቺ ነው» አልኩ። እፎይ አልኩ፤ ደስታም ነበረበት። አመነችኝ። ሌላ ምንም ባይሆን ይህ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አንብቤው ነበር።»

«መቼ?»

«ያኑ ዕለት። ዓርብ። ቤት እንደገባሁ።»

«ታዲያ ለምን ምንም አላልሽኝም?»

በጣቷ ስክሪኑን ነካች። «አንብበው። በትሕትና ይገልጻል ነው የሚለው። ስንት ደብዳቤ አብረን ጻፍን? አንተ መልስ ስትፈልግ ምላሽዎን በአክብሮት እንጠይቃለን ብለህ ነው የምትዘጋው። ካልፈለግክ እንገልጻለን ብለህ ታቆማለህ። ገለጽክ። ለመረጃ ያህል መስሎኝ ነበር።»

 ትክክል ነበረች። የምዘጋው እንደዚያ ነው።

«አሁን የት ነው ያለው? ወረቀቱ» አልኳት።

«ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ በላይ። ባለቤቴ ነው የሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ያነብላቸዋል። መሥሪያ ቤት ማለት እንዲህ ነው ይላል፣ ሠራተኛው ሁሉ ስትሄጂ አዝኖልሻል።» መነጽሯን መልሳ አደረገችና «ደግ ሰው ነው» ብላ ጨመረች።

ከውጪ ሾፌሯ ጠራት። ቦርደዴ ሳይመሽ መድረስ ነበረባቸው። ተነሥታ አባን እጃቸውን ይዛ በኦሮምኛ ተሰናበተቻቸው፤ እኔን ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። የመኪናው ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት።

አባ ከበሩ መጥተው እሷ በተወችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «የኔን ጻፍ።»

ባዶ ገጽ ከፈትኩ። «ምን ልበል አባ?»

«ያደረግኩትን በል። በር ጠብቋል በል። ሌሊት አልተኛም በል። ጄኔሬተሩ ሲቃጠል በአሸዋ አጥፍቷል፣ ይሄ እጄ ያን ጊዜ ነው የተቃጠለው፣ በል።» እጃቸውን አሳዩኝ። ስንት ዓመት የጨበጥኩት እጅ ነው፤ ጠባሳውን አላየሁትም ነበር። ጻፍኩ። እሳቸው ቀስ እያሉ ይናገራሉ፣ እኔ እመታለሁ። አንድ አንቀጽ ሞላ፣ ሁለተኛው ተጀመረ።

ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሐሳባቸውን እየሰበሰቡ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«ያን ሰኞ» አሉ፣ «ሻንጣዋን ይዤላት መናኸሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። የናዝሬት መኪና ሞላ፣ ሄደ። ግቢ አልኳት፣ እምቢ አለች። ሁለተኛው ሞላ፣ ሄደ። ፀሐይ በረታ። እሷ በዚህ በቢሮው መንገድ በኩል ነው የምታየው። ሦስተኛው ሲሞላ ረዳቱ ጮኸባት፤ ያን ጊዜ ገባች።»

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ከመናኸሪያው እስከ ቢሮው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ሰዓት እኔ ስልክ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ጎማ እያስረዳሁ ነበር።

«አባ» አልኩ። «ለምን አልነገሩኝም? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መታወቂያ ይጠይቁኛል፣ ይህን አንድ ቀን አይነግሩኝም?»

«መኪናው ሲነሣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ለማንም እንዳትነግር አለችኝ። እሺ አልኳት። ሥራ ላይ ነበርኩ።» ሰዓታቸውን አዩ። «አሁን አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሥራ ጨርሻለሁ።»

 ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የተጻፈውን አዩ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን የቀረውን ነጭ ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይሄንንም ጨምርበት» አሉኝ። «ምስጢር ይጠብቃል በል።»

ዓይኔ እንባ አቅርሮ ፊደሉ አልታይ እያለኝ ጻፍኩት።